በልብ ደጃፍ የሚሰፋ ጨርቅ

ከማሸጊያው ሲወጣ ነጭ የጨርቅ ቱቦ ነው። ከልብ በላይ ላለው የአዋቂ ሰው አኦርታ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ከ26 እስከ 34 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ነው። ከላይ እስከ ታች ዙሪያውን ሽብሽብ ነው። በቁመቱ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወርድበታል። ጎኑ ላይ ስፌት የለም፤ ከመጀመሪያው ቱቦ ሆኖ ነው የተሸመነው። ድሩም ማጉም ፖሊስተር ነው፤ ቀዶ ሐኪሞች ዛሬም በቆየው የንግድ ስሙ ዳክሮን ይሉታል።

ቀርቦ ላየው ሰው በዚህ ቱቦ ላይ ያለምክንያት የተቀመጠ ነገር የለም። ሽብሽቡ ለጌጥ አይደለም። ሽብሽብ የሌለው ቱቦ ሲጎብጥ መታጠፊያው ላይ ይጨፈለቃል፣ ቀዳዳውም ይጠባል፤ ይሄኛው ግን ደረት ውስጥ ያለውን ቅስት ተከትሎ ሲታጠፍ ቀዳዳው ክብ እንደሆነ ይቆያል። ጥቁሩ መስመር ጠማማነትን የሚያሳብቅ ነው። ቀዶ ሐኪሙ አንዱን ጫፍ ሰፍቶ ወደ ሌላው ሲዞር መስመሩ ቀጥ ብሎ ካልታየው ቱቦው ተጠምዝዟል ማለት ነው፤ ሳይሰፋው ያርመዋል። ጨርቁ ጄላቲን ወይም ኮላጅን ጠጥቷል። ይህም በድርና በማጉ መካከል ያለው ክፍተት ደም እንዳያሳልፍ ነው። ሽፋኑን ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ያሟሟዋል፤ እስከዚያ የታካሚው የራሱ ሕብረ ሕዋስ ክፍተቱን ይሞላል። ይህ ሽፋን ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች ቱቦውን በታካሚው ደም ነክረው ደሙ እስኪረጋበት ይጠብቁ ነበር።

ጫፉም የሚቆረጠው በሙቀት ጭምር ነው፤ የጋለው ቆራጭ ክሮቹን አቅልጦ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ለምን እንደሆነ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል፤ ጠርዙ ያልተያዘ ሸማ ይተረተራል፣ እዚህ ደግሞ የሚተረተረው የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት ስፌት ነው።

ይህ ጨርቅ የሚተካውን ነገር ሳያዩ ሥራውን መመዘን አይቻልም። አኦርታ ከልብ የሚነሳው ትልቁ ደም ቅዳ ነው። ከልብ ደጃፍ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከአንገት በታች ቅስት ሠርቶ ለጭንቅላትና ለክንዶች ቅርንጫፎች ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ የአከርካሪ አጥንትን ተጠግቶ እስከ ሆድ ድረስ ይወርዳል። ግድግዳው ሦስት ንብርብር ነው። ሸክሙን በዋናነት የሚሸከመው መካከለኛው ሲሆን ኤላስቲን ከሚባል የሚለጠጥ ፕሮቲን፣ ከጡንቻ ሕዋስና ከኮላጅን የተሠራ ነው። ኤላስቲኑ በስስ በስሱ ተነጥፎ ይደራረባል፤ በሰው ደረት ውስጥ ይህ ንጣፍ ከ50 እስከ 60 ይደርሳል፣ የሁሉም ውፍረት አንድ ላይ ግን ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም።

የዚህ ግድግዳ ጥበብ በመለጠጡና በመመለሱ ላይ ነው። ልብ ስትጨመቅ አኦርታ የተቀበለውን ደም ይዞ ይሰፋል፤ ልብ ስታርፍ ይሰበሰብና የያዘውን ወደፊት ይገፋል። ልብ በሁለት ምት መካከል ስታርፍ ደም የማይቆመው በዚህ ምክንያት ነው። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይለጠጣል፣ ይመለሳል። ኤላስቲኑ በአብዛኛው የሚሠራው ከማኅፀን እስከ ልጅነት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የተበጠሰው በቅጡ አይተካም። ሰው በልጅነቱ በተሸመነለት አኦርታ እስከ እርጅናው ይኖራል። የትኛውም ፋብሪካ እንዲህ ያለ ዕቃ አላወጣም ብዬ ስናገር ማጋነን አይመስለኝም፤ ዳክሮን ራሱ ጠንካራ ቢሆንም እንደ ተፈጥሮው ግድግዳ ተለጥጦ አይመለስም።

ይህ ሥራ የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። ዋነኛው ሳይታወቅ ወይም ሳይታከም የቆየ ደም ግፊት ሲሆን ሲጋራም ያግዘዋል። ከወላጅ የሚወረስም አለ። ፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም አንቷን ማርፋን እ.ኤ.አ. በ1896 ጣቶቿ ያለልክ የረዘሙ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅን ገለጸ፤ በስሙ የሚጠራው በሽታ ፋይብሪሊን በሚባል ፕሮቲን ጉድለት እንደሚመጣ የታወቀው በ1991 ነው። ፋይብሪሊን የኤላስቲን ንጣፎች የሚሠሩበትና የሚደገፉበት ስለሆነ እሱ ሲደክም ግድግዳው እየላላ ይሰፋል። ከመቶ ሰዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ደግሞ ሦስት ቅጠል ሊኖረው የሚገባ የአኦርታ በር በሁለት ቅጠል ብቻ ይዘው ይወለዳሉ፤ የብዙዎቹ አኦርታ ከሌላው ሰው ይልቅ ለመስፋት የተጋለጠ ነው። ወጣት ሴቶችን የሚያጠቃ የደም ቅዳ ብግነት አለ፤ ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ታካያሱ በ1908 የገለጸው ነው። ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ቂጥኝ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። በመኪና ግጭትም ደረት በድንገት ሲቆም አኦርታ ቅስቱ ወደ ታች በሚታጠፍበት አካባቢ ይቀደዳል።

መስፋቱ፣ ማለትም አኑሪዝም፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይናገርም። አንዳንዴ ድምፅ ይጎረንናል፣ ምክንያቱም የድምፅ ነርቭ ከቅስቱ ሥር ዞሮ ስለሚያልፍ ነው፤ አንዳንዴ ሳል ወይም የመዋጥ ችግር ይመጣል። ብዙ ጊዜ ግን የሚገኘው ለሌላ ጉዳይ በተነሳ ራጅ፣ በኤኮ ወይም በሲቲ ስካን ነው። ከልብ በላይ ያለው ክፍል 5.5 ሴንቲሜትር ሲደርስ፣ የማርፋን በሽታ ላለበት ደግሞ 5 ሴንቲሜትር ላይ፣ ቀዶ ሕክምና ይመከራል። እስከዚያ ደም ግፊትን ዝቅ አድርጎ መያዝ፣ ሲጋራ ማቆም፣ ከባድ ነገር እያማጡ አለማንሳት፣ በየጊዜውም መለካት ነው።

መሰንጠቁ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የውስጠኛው ሽፋን ይቀደድና ደም በግፊት ወደ መካከለኛው ንብርብር ይገባል፤ ንጣፎቹን እያላቀቀ ለራሱ ሐሰተኛ መንገድ ይከፍታል። ሕመሙ ቀስ እያለ አይጨምርም፤ ከጀመረበት ደቂቃ አንስቶ የመጨረሻው ነው። ደረት ላይ ወይም በትከሻ አጥንቶች መካከል ይሰማል፣ ወደ ወገብም ሊወርድ ይችላል። የሁለቱ ክንዶች ግፊት ሊለያይ ይችላል። ሰው ራሱን ሊስት፣ ምላሱ ሊተሳሰር፣ አንድ እግሩ ሊቀዘቅዝና ሊደነዝዝ ይችላል። ከድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ማለትም ከሃርት አታክ ጋር ስለሚመሳሰል ደም የሚያቀጥን ወይም የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ተሰጥቶ ነገሩ የባሰበት ታካሚ በዓለም ዙሪያ ጥቂት አይደለም። ሁለቱንም ክንድ መለካት አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ይህን የሚያስታውስ የድንገተኛ ክፍል ባለሙያ ከቀዶ ሐኪሙ ባላነሰ ምስጋና ይገባዋል። ስንጥቁ ከልብ በላይ ባለው ክፍል ላይ ከሆነና ካልታከመ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በእያንዳንዱ ሰዓት የሞት መጠኑ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ይጨምራል። የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ ሁለተኛ በ1760 በድንገት ሲሞት ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ፍራንክ ኒኮልስ ያገኘው ይህንኑ ነበር፤ አኦርታው ከውስጥ ተሰንጥቋል፣ የልብ ከረጢት በደም ሞልቷል።

ለእንዲህ ያለ ቦታ ጨርቅ ማሰብ በራሱ ድፍረት ነበር። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ወጣት ሐኪም የነበረው አርተር ቮርሂስ በ1947 አንድ ነገር አስተዋለ። በሙከራ ውሻ ልብ ውስጥ ሳይታሰብ የቀረ የሐር ክር ከወራት በኋላ ሲታይ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ለብሶ ነበር። ክር ይህን ከለበሰ ጨርቅም ይለብሳል ብሎ ደመደመ። መጀመሪያ ከሐር መሐረብ፣ ቀጥሎ ቪንዮን ኤን ከሚባል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ቱቦ ሰፋ፤ ውጤቱንም በ1952 አሳተመ። ብዙ ሰው ቆሻሻ ብሎ የሚጥለውን የክር ቁራጭ ያየበት ዓይን ነው የሚደንቀኝ።

በሂውስተን ደግሞ ማይክል ደቤኪ ነበር። ወላጆቹ ከሊባኖስ ወደ ሉዊዚያና የገቡ ሲሆኑ እናቱ ልብስ ስፌት ታስተምር ነበር፤ ልጇም በትንሽነቱ ስፌት ከእሷ ተማረ። በ1953 እሱና ዴንተን ኩሊ ከሞተ ሰው በተወሰደ አኦርታ የአንድ ታካሚን የደረት አኑሪዝም ተኩ። ከሞተ ሰው የሚገኘው ግን ጥቂት ነው፣ ልኩ አይገጥምም፣ ቆይቶም ይበላሻል። ደቤኪ በከተማው ትልቅ መደብር ናይሎን ፈልጎ ገባ፤ ናይሎን አልቆ ነበርና አዲስ የመጣውን ዳክሮን ገዛ። ቤት ወስዶ በሚስቱ የስፌት መኪና ሁለት ጠርዙን ገጥሞ ቱቦ አደረገው። ናይሎን በሰውነት ውስጥ ሲቆይ ጥንካሬውን እንደሚያጣ በኋላ ታወቀ፤ ዳክሮን ግን ጸና። መደብሩ ያለቀበት ዕቃ ለስንት ሰው እንደተረፈ ሳስብ አምላክን አመሰግናለሁ። ቀጥሎ የጨርቃጨርቅ ባለሙያው ቶማስ ኤድማን ከፊላዴልፊያ መጥቶ ጎኑ ላይ ስፌት የሌለው ቱቦ የሚሠራ ማሽን ሠራለት።

ይህ ሰው በ97 ዓመቱ፣ በ2005 የመጨረሻ ቀን፣ ቤቱ ሆኖ ደረቱ ላይ የሚቀድ ሕመም ሲሰማው ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። መጀመሪያ ቀዶ ሕክምናውን አልፈለገም ነበር። በየካቲት 2006 ራሱን ሲስት የቆዩ የሥራ ባልደረቦቹ በራሱ ከተማ፣ እሱ ባስለመደው ዓይነት ቱቦ፣ ጠገኑት። ከ99 ዓመት በላይ ኖሮ በሐምሌ 2008 አረፈ።

አሁን ልቤ ወዳለበት ሥራ ልግባ። በ1968 ሂው ቤንታልና አንቶኒ ደ ቦኖ በለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታል የሠሩት ዘዴ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራበታል። የአኦርታን ሥር ከበሩ ጋር አንስተው ጫፉ ላይ ሰው ሠራሽ በር የተሰፋበት ቱቦ ተከሉ። ጠንካራ፣ ፈጣን፣ በብዙ እጅ የተፈተነ ሥራ ነው፤ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። ዋጋ ግን አለው። ሰው ሠራሽ በር ደም እንዳይረጋበት ታካሚው ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን ይወስዳል። በሀገራችን በሩማቲክ የልብ ሕመም በራቸው የተቀየረላቸው ሰዎች ይህን ኑሮ በደንብ ያውቁታል። የደሙ ቅጥነት በየጊዜው መለካት አለበት፤ ካነሰ ይረጋል፣ ከበዛ ይፈሳል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ለፅንሱም አስጊ ነው። ቤተ ሙከራ ርቆት ለሚኖር ሰው በየምርመራው ቀን የአንድ ቀን መንገድ ማለት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ተነሳ። ሥሩ የሰፋባቸው የብዙ ሰዎች በር ራሱ አልታመመም። ቅጠሎቹ ደህና ናቸው፤ ደም ወደ ኋላ የሚያሳልፉት የተያያዙበት ግድግዳ ሰፍቶ ስላራራቃቸው ነው። ታዲያ ደህናውን በር ለምን እንጥለዋለን? ግብፅ ተወልዶ ለንደን የሠራው ማግዲ ያዕቆብ ቱቦውን በሦስት ምላስ ቆርጦ እያንዳንዱን የሰፋ ኪስ የሚተካበት መንገድ ይዞ መጣ። ብራዚል የተወለደው የቶሮንቶው ታይሮን ዴቪድ ደግሞ በ1988 በሩን ሙሉውን ቱቦው ውስጥ አስገብቶ ሰፋው፤ ከክሪስቶፈር ፋይንደል ጋር በ1992 አሳተመው። ሁለቱም የከበረ ሥራ ነው። እኔ የዴቪድን አስበልጣለሁ፤ ቱቦው በሩን ከውጭ ስለሚያቅፈው የሥሩ ዙሪያ ዳግም የሚሰፋበት መንገድ ይዘጋል።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ደሙ ወደ ልብና ሳንባ ማሽን ይዞርና ልብ በቀዝቃዛና ፖታሲየም ባለው ፈሳሽ ትቆማለች። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ደቂቃ የልብ ጡንቻ ደም ያላገኘበት ደቂቃ ስለሆነ መፍጠንም አለመጣደፍም ግድ ነው። የሰፋው ግድግዳ ተቆርጦ ይወጣል፣ ግን ከቅጠሎቹ መያያዣ በላይ 5 ሚሊሜትር ያህል ጠርዝ ይቀራል። ይህ ጠርዝ የማዕበል ቅርጽ አለው፤ ሦስት ጊዜ ይወርዳል፣ ሦስት ጊዜ ይወጣል። ልብን ራሷን የሚመግቡት የሁለቱ ደም ቅዳዎች አፍ ደግሞ በዙሪያው ጥቂት ግድግዳ ይዞ ክብ ሆኖ ለብቻው ይቆረጣል፤ በኋላ ቱቦው ላይ ይሰፋል።

ቀጥሎ ሥሩ ከዙሪያው ሥጋ ይላቀቃል፣ እስከ ቅጠሎቹ መያያዣ ታች ድረስ። እዚህ ላይ እጅ ካልረጋ ሁሉ ነገር ይበላሻል። በአንድ በኩል የሳንባ ደም ቅዳ ሥር አለ፣ በሌላ በኩል የልብ የላይኛው ክፍል ጣሪያ። ከዚያ ክሮች ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከቅጠሎቹ በታች፣ ዙሪያውን ይተላለፋሉ። በቀኝ በኩል ባሉት ሁለት ቅጠሎች መገናኛ ሥር የልብን የኤሌክትሪክ መልእክት ይዞ የሚወርደው ጅማት ያልፋል፤ መርፌ ጠልቆ ከነካው ታካሚው ቀሪ ዕድሜውን በፔስሜከር ይኖራል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ክሩ ከፍ ይላል፣ መርፌው ይሳሳል። ሥራውን በቪዲዮ ላየ ሰው ጎልቶ የሚታየው ይህ ነው፤ ያለማመንታት ሲሄድ የነበረ እጅ እዚህ ሲደርስ ዝግ ይላል።

ቱቦው ወደ ታች ይወርድና በሩን ይጎናጸፈዋል። ክሮቹ በውጭ ይታሰራሉ፣ ደህናውን ዙሪያ እንዳያጨማድዱ ሳይጠብቁ። አሁን በሩ በጨርቅ ቱቦ ውስጥ ቆሟል። ቅጠሎቹ የሚገናኙባቸው ሦስት ጫፎች አንድ በአንድ ወደ ላይ ይሳባሉ። ምን ያህል? ቅጠሎቹ ተዝለፍልፈው እንዳይወድቁ ያህል፣ ተወጥረውም መክፈት እንዳይሳናቸው ያህል። የሁሉም ከፍታ እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ካለ ቅጠሉ ከሌሎቹ በታች ይንጠለጠላል፣ ደምም በላዩ ይመለሳል። ከዚያ ያ የማዕበል ጠርዝ ዙሪያውን ከጨርቁ ጋር ይሰፋል፤ ክሩ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጠርዙን ያነሳል፣ ተመልሶ ይወጣል፤ ሲወርድም ሲወጣም የቅጠሉን ሥር ሳይነካ፣ ከሱ ርቆም ሳይሄድ። ክሩ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ሰማያዊ፣ ለስላሳ፣ ከሰው ጠጉር ብዙም የማይወፍር። በለስላሳነቱ ሕብረ ሕዋስን አይቆርጥም፤ ያው ለስላሳነት ደግሞ ቋጠሮውን ስለሚያሾልከው ደጋግሞ መቋጠር ያስፈልጋል። መርፌው ጎባጣ ነውና የእጅ አንጓ ጉብጠቱን ተከትሎ መዞር አለበት። ወደፊት የተገፋ መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ከእያንዳንዱ የሰፋ ቀዳዳም በኋላ ደም ይንጠባጠባል።

ከስፌቱ በኋላ ማየት ነው። ሦስቱ ቅጠሎች በመካከል ይገናኛሉ? በሰፊው ይነካካሉ ወይስ ጫፍ በጫፍ? በጀርመን የሆምቡርጉ ቀዶ ሐኪም ሃንስ ዮአኪም ሼፈርስ ለዚህ መለኪያ አሠራ፤ የቅጠሉ መካከል ከመያያዣው መስመር ስንት ሚሊሜትር ከፍ እንዳለ ይለካል። 9 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ቅጠሉ ዝቅ ካለ ነፃ ጠርዙ መካከል ላይ በቀጭን ክር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል። መለኪያው ዋጋው ትንሽ፣ ቅርጹም ቀላል ነው። በዓይን ግምት የሚሠራውን በቁጥር አድርጎ ለሌላ ሰው ማስተማር እንዲቻል ስላደረገ ግን ከብዙ ማሽን አስበልጠዋለሁ።

አንድ ዝርዝር አልተውም። ተፈጥሯዊው አኦርታ ሥሩ ላይ ከእያንዳንዱ ቅጠል ጀርባ ኪስ አለው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1513 አካባቢ ይህን ሲያጠና በኪሶቹ ውስጥ ደሙ እንደሚሽከረከርና ሽክርክሩ ቅጠሎቹን ወደ መዘጋት እንደሚገፋ ጽፎና ሥሎ አስቀምጧል። ሐሳቡ በሙከራ የተረጋገጠው በ1960ዎቹ መጨረሻ በኦክስፎርድ ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ ግን ኪስ የለውም። ዴቪድ በኋላ ሰፋ ያለ ቱቦ ወስዶ ከላይና ከታች በመሰብሰብ መካከሉ እንዲያብጥ አደረገ፤ የሮማው ሩጄሮ ደ ፓውሊስ ደግሞ ገና ሲሠራ ኪስ ያለው ቱቦ አወጣ። ኪስ መኖሩ ለታካሚው ምን ያህል እንደሚጠቅም ቀዶ ሐኪሞች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ቀጥ ባለው ቱቦም ለዓመታት ጥሩ ሆኖ የቆየ በር ብዙ ነው። እኔ ግን ቅጠሉ የተለመደውን ቦታ ቢያገኝ እመርጣለሁ። ከቶሮንቶ የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ከአሥር ታካሚዎች ከዘጠኝ የሚበልጡት በሃያ ዓመት ውስጥ በራቸው ዳግም ቀዶ ሕክምና አላስፈለገውም። ይህ በዋርፋሪን ያልታሰረ ሃያ ዓመት ነው።

የቅስቱ ሥራ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ወደ አንጎል የሚሄዱት ቅርንጫፎች የሚነሱት ከዚያ ነውና። ራንዳል ግሪፕ በ1975 ታካሚን እጅግ አቀዝቅዞ ዝውውሩን ሙሉ በሙሉ በማቆም ቅስቱን መስፋት እንደሚቻል አሳየ። አሁን ብዙዎች ያን ያህል ሳያቀዘቅዙ በቀኝ ብብት ባለው ደም ቅዳ በኩል አንጎልን እየመገቡ ይሠራሉ። በሃኖቨር ሃንስ ቦርስት በ1983 ያሳየው ብልሃት ግን በጣም ደስ ይለኛል፤ ቅስቱን ሲተካ የቱቦውን ትርፍ ወደ ታች በሚወርደው አኦርታ ውስጥ ሳይሰፋ እንዲንሳፈፍ ተወው። የዝሆን ኩምቢ ተባለ። የሚቀጥለው ሐኪም በሌላ ቀን ከታች ሲመጣ ጫፉ እጁ ላይ ይጠብቀዋል፣ ጠባሳ የሞላበትን ቅስት ዳግም መክፈት አያስፈልገውም። ለማያውቀው ባልደረባ ሥራ አቅልሎ መሄድ እንዲህ ነው።

ደረት ሳይከፈት የሚገባውም አለ። በካርኪቭ ኒኮላይ ቮሎዶስ በ1987 በብረት የተደገፈ የጨርቅ ቱቦ በእግር ደም ቅዳ በኩል አስገብቶ የተጎዳ የደረት አኦርታን ከውስጥ ሸፈነ። ዓለም ዘግይቶ ነው የሰማው። ዛሬ ወደ ታች ለሚወርደው ክፍል የመጀመሪያው ምርጫ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ብረቱም ኒኬልና ቲታኒየም የተቀላቀለበት፣ በሰውነት ሙቀት ወደ ተሠራበት ቅርጽ የሚመለስ ነው። በዚህም ሆነ በግልጽ ቀዶ ሕክምና ከዚያ ክፍል የሚነሱት ትናንሽ ቅርንጫፎች ሕብለ ሰረሰርን ስለሚመግቡ እግር ሽባ እንዳይሆን ግፊቱን ከፍ ማድረግና ሕብለ ሰረሰርን የከበበውን ፈሳሽ በወገብ በኩል ማፍሰስ የሥራው አካል ነው።

ድንገት የተሰነጠቀ አኦርታ ላይ ሲሰፋ ደግሞ ይህ ሁሉ ልከኝነት በሌሊት፣ በደከመ እጅ ላይ ይወድቃል። የተላቀቁት ንብርብሮች መርፌ አይይዙም። ቀዶ ሐኪሙ በውጭ፣ አንዳንዴም በውስጥ፣ የቴፍሎን ጨርቅ ቁራጭ አስደግፎ ንብርብሮቹን አንድ ላይ ይሰፋና ከዚያ በኋላ ቱቦውን ያገናኛል። ደም መፍሰሱ እስኪቆም በአንዲት ቀዳዳ ላይ ጣቱን አሳርፎ ደቂቃዎች የሚጠብቅ አለ፤ አንድ ተጨማሪ ስፌት የባሰ እንደሚቀድ ስለሚያውቅ ይተወዋል።

ደረቱ ከመዘጋቱ በፊት በጉሮሮ በኩል የገባው ኤኮ የቅጠሎቹን መገናኘት ያሳያል፤ ሥራው እዚያ ላይ ይፈረማል። የቀረው ለታካሚው ነው። ጨርቁ የተካው አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ከታች ያለው አኦርታ ያው የድሮው ግድግዳ ነውና ግፊቱ ቤታ ብሎከር በመሳሰሉ መድኃኒቶች ዝቅ ብሎ መቆየት፣ በየዓመቱ ወይም ሐኪሙ ባለው ጊዜም በሲቲ ወይም በኤምአርአይ መታየት አለበት። ጥርስ ሲነቀልም ቱቦው በባክቴሪያ እንዳይለከፍ መጠንቀቅ ለሚያስፈልጋቸው አስቀድሞ መድኃኒት ይሰጣል። ጥሩ ቀዶ ሐኪም በመውጫ ወረቀቱ ላይ የቱቦውን ቁጥር፣ የቀረውን አኦርታ ልክ በሚሊሜትር፣ ከዚያም አንድ መስመር ይጽፋል፤ ወላጆች፣ ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆች ኤኮ ይነሱ።